የጊዜ መስመር በታሪክ ትምህርት፤ ከብራና እስከ ዲጂታል ሰሌዳ

(በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ምሳሌነት የቀረበ)

መግቢያ

የታሪክ ትምህርት የሚቆመው በጊዜ ላይ ነው። አንድ ተማሪ የአዲስ አበባን መቈርቈር፣ የዐድዋን ድል፣ የባቡርን መግባትና የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ እያንዳንዱን ለብቻው ሊያውቅ ይችላል። ነገር ግን የትኛው ቀደመ፣ የትኛው ተከተለ፣ በመካከላቸውስ ስንት ዓመት አለፈ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ካጣ፣ በእጁ ያለው የተበታተነ ወሬ እንጂ ታሪክ አይደለም። ቅደም ተከተልን ያላወቀ ተማሪ ምክንያትንና ውጤትን ለይቶ ለማየት አይችልም፤ ይህን ለማየት ያልቻለም የትናንቱን ሥራ ከዛሬው ኑሮ ጋር ሊያገናዝብ አይቻለውም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው በመምህራን ዘንድ ሲሠራባቸው ከቆዩት የማስተማሪያ መሣሪያዎች አንዱ የጊዜ መስመር ነው። የጊዜ መስመር ማለት ዓመታት በእኩል ርቀት ተከፋፍለው የተመለከቱበትና ድርጊቶች በየዓመታቸው የተሰየሙበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ለረጅም ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ፣ በግድግዳ ላይ በወረቀት ሲሠራ የኖረ ሲሆን፣ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ የሚታይ፣ ተማሪው ራሱ ወደፊትና ወደኋላ የሚያንቀሳቅሰው፣ የሚያሰፋውና የሚያጠበው፣ ሥዕልና ድምፅ የሚያክልበት አሳታፊ ዲጂታል መስመር ተገኝቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው ከየት ተነሥቶ ወደ ክፍል እንደ ደረሰ መመርመር፣ ከኢትዮጵያ የዘመን አቈጣጠር ጋር እንዴት ሊጣጣም እንደሚገባ ማስረዳት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ታሪክ ምሳሌነት ጥቅሙንና ጕድለቱን ማመዛዘን ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ዓመታትን በሰንጠረዥ ማስፈር ጥንታዊ ሥራ ነው። ጊዜን በርቀት መለካት፣ ማለትም አንድን ዓመት በአንድ የተወሰነ ስፋት መወከል ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ሐሳብ ነው። በ1753 እ.ኤ.አ. ባርቦ ዱቡር የተባለው ፈረንሳዊ ከፍጥረት ጀምሮ እስከ ዘመኑ ያለውን ታሪክ 16 ሜትር ከግማሽ ያህል ርዝመት ባለው አንድ የወረቀት ጥቅል ላይ አሰፈረ። ጥቅሉ በሣጥን ውስጥ በሁለት ዘንጎች ላይ የተጠመጠመ ስለ ነበር፣ ተመልካቹ መዘውሩን በእጁ እያዞረ ወደፈለገው ዘመን ይደርስ ነበር። ዛሬ «አሳታፊ» የሚባለው ጠባይ ኤሌክትሪክ ሳይኖር በእንጨትና በወረቀት እንደ ተሠራ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1765 እ.ኤ.አ.፣ እንግሊዛዊው መምህርና የሳይንስ ሊቅ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሁለት ሺህ ያህል ታዋቂ ሰዎችን ዕድሜ በአግድም መስመሮች ያሳየበትን ሰንጠረዥ አሳተመ፤ በ1769 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመንግሥታትን ታሪክ የሚያሳየውን አዲስ ሰንጠረዥ አወጣ። ፕሪስትሊ ሰንጠረዦቹን ያዘጋጀው ለማስተማሪያነት ነበር። በሥራው ውስጥ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ጥንቃቄ አለ። የልደታቸው ወይም የሞታቸው ዓመት በርግጥ ያልታወቀ ሰዎችን ዕድሜ ሲያመለክት ሙሉ መስመር አላሰመረም፤ በነጥብ ጠቈመው እንጂ። ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ላለማሳየት የወሰደው ይህ ጥንቃቄ፣ ከዚህ በታች እንደሚገለጠው፣ ለዲጂታሉ መሣሪያም አስፈላጊ ነው።

በኢትዮጵያ የነበረው የዘመን አመዘጋገብ

መሣሪያው ከውጭ ቢመጣም ዘመንን በሥርዓት መመዝገብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ድርጊቶችን በግዛት ዓመትና በወንጌላውያን ስም ይመዘግቡ ነበር። በባሕረ ሐሳብ ሥርዓት መሠረት ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስም በየአራት ዓመቱ ይዘዋወራሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለአራት ሲካፈል አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ይሆናል። የዐድዋ ድል የተገኘበት 1888 ዓ.ም. 5500 ሲደመርበት 7388 ይሆናል፤ ለአራት ሲካፈልም ምንም ስለማይተርፍ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ይህን ስሌት የሚያውቅ ተማሪ፣ በአንድ አሮጌ ጽሑፍ ውስጥ የወንጌላዊው ስም ከዓመቱ ጋር ሳይስማማ ሲያገኝ፣ ከጸሐፊው ወይም ከገልባጩ ዘንድ ስሕተት እንዳለ በራሱ ሊያውቅ ይችላል። የዓለምን ታሪክ በቅደም ተከተል የሚተርከው የኒቂዩው ዮሐንስ መጽሐፍም ዛሬ የሚገኘው በግእዝ ትርጕሙ ብቻ መሆኑ፣ የሀገሪቱ ሊቃውንት ለዘመናት ቅደም ተከተል ምን ያህል ይጨነቁ እንደ ነበር ያስረዳል።

ሦስቱ ከተሞች በሚገኙበት በቱለማ ኦሮሞ ምድር ደግሞ የገዳ ሥርዓት የራሱ የዘመን ልክ አለው። ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ገዳ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ አምስቱ ገዳዎች ተራቸውን ሲፈጽሙ 40 ዓመት ይሞላል። ሽማግሌዎች አንድን ድርጊት «በእገሌ ገዳ» ብለው ሲጠቅሱ የስምንት ዓመት ክልል ያመለክታሉ ማለት ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የባህል ቅርሶች መዝገብ ተመዝግቧል። ሁለቱን አቈጣጠሮች ለሚያነጻጽር መምህር አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል፤ ይኸውም የአንድ ገዳ ዘመን ከወንጌላውያኑ ሁለት ሙሉ ዙር ጋር እኩል መሆኑ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ከላይና ከታች ቢሰየሙ ተማሪዎች ከቤታቸው የሰሙትን በክፍል ከተማሩት ጋር ያገናኛሉ።

ከእነዚህ ሌላ ሕዝቡ ዘመንን በመከራው ያስታውሳል። ከ1880 እስከ 1885 ዓ.ም. ገደማ የነበረው ረሀብና የከብት እልቂት «ክፉ ቀን» ይባላል፤ በ1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ይታወሳል። «አያቴ የተወለዱት ከኅዳር በሽታ በኋላ ነው» የሚል ተማሪ ሳያውቀው የጊዜ መስመር እየሠራ ነው።

ከቴሌቪዥን እስከ ዲጂታል ሰሌዳ

በኢትዮጵያ የመገናኛ ዘዴዎች ለትምህርት የዋሉት ቀደም ብሎ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት አገልግሎት ውሏል፤ በሬዲዮ የሚሰጠውም ትምህርት ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሳተላይት የሚተላለፍና መምህራንም ተማሪዎችም «ፕላዝማ» ብለው የሚጠሩት ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተዘረጋ።

የፕላዝማው ልምድ ለዛሬው ጕዳይ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ትምህርቱ በተወሰነ ሰዓት የሚተላለፍ ስለ ነበር ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው፣ መምህሩም ወደኋላ ሊመልሰው አይችልም ነበር። መብራት ሲጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። መምህሩ የራሱን ዝግጅት ትቶ የቴሌቪዥኑን ሰዓት ጠባቂ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነበር። በሌላ በኩል በ2004 ዓ.ም. አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ መሣሪያውን መክፈትና መጠቀም በራሳቸው ለመዱ፤ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ እስከ መክፈት መድረሳቸውም ተነግሯል። ይህ የሕፃናትን ብልሃት ያሳያል። ሆኖም መሣሪያን መልመድና ታሪክን መማር አንድ አይደሉም። ልጅ ጣቱን አንሸራቶ ከዘመን ወደ ዘመን ቢሻገር፣ ያየውን እንዲጠይቅና እንዲያመዛዝን የሚያደርገው መምህሩ ነው። እንግዲህ አንደኛው ሙከራ መምህሩን ወደ ዳር ገፋው፤ ሁለተኛው ፈጽሞ አስቀረው። የዲጂታል መስመር ፍሬ የሚያፈራው ከሁለቱም የተለየ መንገድ ሲይዝና በመምህሩ እጅ ሲሆን ብቻ ነው።

የሁለት አቈጣጠሮች ችግር

በክፍል ውስጥ ሊሠራባቸው ከሚችሉ መሣሪያዎች አንዱ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናይት ላብ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታይምላይን ጄኤስ የተባለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መምህሩ በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ድርጊት ያስገባል፤ ለዓመቱ፣ ለወሩ፣ ለቀኑ፣ ለአርእስቱ፣ ለማብራሪያው፣ ለሥዕሉና ለሥዕሉ ምንጭ የየራሳቸው ዐምድ አላቸው። ፕሮግራሙም ረድፎቹን ወደሚንቀሳቀስ መስመር ይለውጣቸዋል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ስለ ገባ፣ ማብራሪያውን በአማርኛ መጻፍ አያስቸግርም። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞም እንዲሁ ከጎኑ ሊሰፍር ይችላል።

ችግሩ ያለው በቀኑ ላይ ነው። መሣሪያው የተሠራው ለጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ነው፤ 13 ወር ያለውን ዓመትና ጳጕሜን አያውቅም። ብዙ ተማሪዎች ደግሞ ሁለቱን አቈጣጠሮች ለማቀያየር «ስምንት ቀንስ» የሚለውን ደንብ ብቻ ይዘዋል። ይህ ደንብ ከጥር መባቻ እ.ኤ.አ. እስከ ጳጕሜ መጨረሻ ላለው ጊዜ ይሠራል፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ላለው ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። የዐድዋ ድል በመጋቢት 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ ስምንት ሲቀነስ የካቲት 23 ቀን 1888 ይመጣል፤ ትክክል ነው። የሰገሌ ጦርነት ግን በጥቅምት 27 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. የተካሄደ ሲሆን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጥቅምት 17 ቀን 1909 ነው። ተማሪው ስምንት ቢቀንስ 1908 ያገኛል፤ በዚህም ስሕተት ጦርነቱ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ከወረዱበት ከመስከረም 17 ቀን 1909 በፊት የተደረገ ይመስላል። ምክንያቱና ውጤቱ ተገለባበጠ ማለት ነው። አንድ ዓመት የማይረባ ልዩነት ቢመስልም፣ ታሪኩን ግን ፈጽሞ ያበላሸዋል።

ለዚህ ተግባራዊ መፍትሔ አለ። በታይምላይን ጄኤስ ሠንጠረዥ ውስጥ መሣሪያው ለአሰላለፍ ከሚጠቀምባቸው የቀን ዐምዶች ሌላ፣ ለተመልካች የሚታየው ቀን ብቻ የሚጻፍበት አንድ ዐምድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዐምዶች የጎርጎርዮሳዊው ቀን ይገባል፤ በኋለኛው «ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፋል። የመቀያየሩን ሥራ መምህሩ ራሱ ጨርሶ ከሚያቀርበው ይልቅ ተማሪዎች በቡድን ቢሠሩትና አንዱ ቡድን የሌላውን ቢያርም፣ ከማንኛውም የቃል ማብራሪያ ይልቅ ይጠቅማቸዋል።

የሦስቱ ከተሞች መስመር

ሰበታ ወደ ጅማ፣ ቡራዩ ወደ አምቦና ነቀምቴ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር ወደ ጎጃም በሚወስዱት መንገዶች ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ስማቸው የሚነሣው አልፎ አልፎ ነው። የቡራዩ ተማሪ የሚማረው የጊዜ መስመር ከአክሱም ተነሥቶ በላሊበላና በጎንደር አልፎ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ይቆማል፤ ከቤቱ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር በመስመሩ ላይ ባዶ ነው። እንዲህ ያለው መስመር ሐሰት ባይኖርበትም ለልጁ የሚነግረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም እርሱ በሚኖርበት ምድር ምንም አልተደረገም የሚል ነው።

ይህ ግን እውነት አይደለም። ለምሳሌ ያህል የምዕራቡን መንገድ ብንመለከት፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን በማገዶና በቤት ሥራ ምክንያት እየተመናመነ ሄደ። በዚህም የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በዛሬው የቡራዩና የሆለታ መንገድ አቅጣጫ በምትገኘው በአዲስ ዓለም አዲስ መናገሻ ለማቋቋም ጀመሩ፤ ወደዚያ የሚወስድም መንገድ ተሠራ። በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ግን በፍጥነት እያደገ የማገዶውን ችግር ስላቃለለ መናገሻው ሳይዛወር ቀረ። በ1930ዎቹ ደግሞ ለአዲስ አበባ ውኃ ለማቅረብ በዚሁ አቅጣጫ የገፈርሳ ግድብ ተሠራ። ማገዶ፣ መንገድ፣ ባሕር ዛፍና ውኃ በአንድ መስመር ላይ ሲሰለፉ፣ ከተማዪቱ የኖረችው በዙሪያዋ ባለው ምድርና ሕዝብ ሀብት እንደሆነ ተማሪው በዓይኑ ያያል።

በሰበታ በኩል የሚታየው ሌላ ምዕራፍ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በመስከረም 25 ቀን 2009 ሲመረቅ ደግሞ የምዕራብ ጫፉ ሰበታ ሆነ። በሁለቱ መካከል አንድ መቶ ዓመት ያህል አለ። ተማሪዎች ሁለቱን ነጥቦች ሰይመው በመካከላቸው የተደረገውን እንዲፈልጉ ቢታዘዙ፣ ወረራው፣ የነጻነት መመለስ፣ የፋብሪካዎች መቋቋምና የከተማዪቱ ማደግ አንድ በአንድ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ቅርብ ጊዜው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ሦስቱ ከተሞች በ2000 ዓ.ም. በተቋቋመው የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ውስጥ የነበሩ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የእርሻ መሬት ወደ መኖሪያና ወደ ፋብሪካ ተለውጧል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 እና በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ሰዎች ሞተውበት፣ በጥር 2008 ተሰርዟል። በመስከረም 2011 በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ሰዎች ሞተዋል፤ በሺህ የሚቈጠሩም ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል። በአንድ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁለት ተማሪዎች አንዱ መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ልጅ፣ ሌላው ቤቱን ጥሎ የሸሸ ቤተሰብ ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህን ዓመታት ከመስመሩ ላይ ማስወገድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ ያውቋቸዋል። መምህሩ ዝም ቢል ትምህርት ቤቱ እውነቱን የማይነገርበት ስፍራ መስሎ ይታያቸዋል። ያለ ዝግጅት ቢገባበት ደግሞ ክፍሉ የክስ አደባባይ ይሆናል። ስለዚህ የተረጋገጠውን ድርጊትና ቀኑን ብቻ በመስመሩ ላይ ማስፈር፣ ስለ ምክንያቱ የሚነገሩትን የተለያዩ አስተያየቶች ምንጫቸውን ጠቅሶ ጎን ለጎን ማቅረብ፣ የማንንም ተማሪ ቤተሰብ በስም አለመጥቀስ ይገባል።

ሚዛን፣ እርግጠኛነትና ምክንያት

የመስመሩ ሁለተኛ ችግር ሚዛን ነው። ከሰበታ ክልል ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው መልካ ቁንጡሬ በ1963 እ.ኤ.አ. የታወቀ፣ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ የቅድመ ታሪክ ሥፍራ ነው። ጥንታዊ መሣሪያዎቹ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይጠጋሉ። አንድ ሳንቲ ሜትር ለዐሥር ዓመት ቢሰጥ፣ የዐድዋ ድል ከዛሬ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የንጉሥ ኢዛና ዘመን 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ የመልካ ቁንጡሬው መጀመሪያ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል። በዲጂታሉ መስመር ላይ ይህን ርቀት በአንድ ጣት መሻገር ይቻላል፤ ርቀቱ የማይሰማውም ስለዚህ ነው። ተማሪዎች መጀመሪያ ሁለቱን ሜትር በገመድ ለክተው፣ ቀጥሎ ሁለት ኪሎ ሜትር ከትምህርት ቤታቸው የት እንደሚደርስ ቢጠየቁ፣ «ጥንት» የሚለው ቃል ትርጕም ይገባቸዋል።

ሦስተኛው ችግር እርግጠኛነት ነው። መሣሪያው ዓመት ካልተሰጠው ድርጊቱን አያሰልፍም። ባሕር ዛፍ የገባው «በ1880ዎቹ» ነው የሚል ማስረጃ ያለው ተማሪ ግን መሣሪያው እንዲቀበለው ሲል 1887 ብሎ ይጽፍና ግምቱ እውቀት ይመስላል። ፕሪስትሊ በነጥብ ያመለከተው እዚህ ላይ ይጠፋል። የሚሻለው መነሻና መድረሻ ዓመት ሰጥቶ ድርጊቱን እንደ ክልል ማሳየትና በሚታየው ቀን ላይ «ገደማ» የሚለውን ቃል መጨመር ነው። ከሽማግሌ የተሰማ ታሪክም «ከኅዳር በሽታ በፊት» ተብሎ ከተነገረ እንደተነገረው ይጻፍ።

አራተኛው፣ መስመር ቅደም ተከተልን እንጂ ምክንያትን አያሳይም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማዪቱ ተመለሱ። ሁለቱ ነጥቦች ብቻቸውን ሲታዩ ነጻነት በራሱ ጊዜ የመጣ ይመስላል። በሐምሌ 1928 አርበኞች ከዙሪያው ተነሥተው በአዲስ አበባ ላይ ያደረጉት ጥቃት፣ ሐምሌ 22 ቀን የአቡነ ጴጥሮስ መገደል፣ አምስቱ ዓመታት ሙሉ የቀጠለው የአርበኞች ተጋድሎና የእንግሊዝ ጦር ዘመቻ በመካከሉ ሲገቡ ግን ጥያቄ ይነሣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ሲሰየም «ከፊቱ ያለው ለዚህኛው ምን አደረገ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የማያዩ ተማሪዎች ድርሻ

ሰበታ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች በተቋቋመው ትምህርት ቤትና በልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠኛዋ የታወቀች ናት። በዚህች ከተማ የሚያስተምር መምህር ስለ ዲጂታል መስመር ሲያስብ አንድ ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም። በቀለምና በሥዕል ተሞልቶ በጣት የሚንሸራተት መስመር ለማያይ ልጅ ምኑ ነው? ጽሑፉ ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ካልተነበበ፣ ሥዕሉም በቃላት ካልተገለጠ፣ ለሌሎቹ በር የከፈተው መሣሪያ ለእርሱ ግድግዳ ይሆንበታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። በየዐሥር ዓመቱ የተቋጠረ ገመድ፣ በየቋጠሮው የታሰረ የብሬል ካርድ፣ ለታላላቅ ድርጊቶች በመጠን የሚለይ ቋጠሮ ቢዘጋጅ፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ የዘመንን ርቀት በእጁ ይዳስሳል። ከዚህ ጋር ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ድርጊት አጭር ማብራሪያ በድምፅ ቀድተው በዲጂታሉ መስመር ላይ ቢያክሉ፣ የማያየውም የሚያየውም በአንድ ሥራ ይካፈላሉ። በተግባር ሲታይ ገመዱ ለሚያዩትም ጠቃሚ ነው፤ ከላይ እንደተባለው ርቀትን ስክሪን ደብቆት ገመድ ይገልጠዋልና።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ።

አንደኛ፣ ዲጂታሉ መስመር የሚቀድመው መሆን የለበትም። በገመድና በካርድ ተጀምሮ ቅደም ተከተሉና ሚዛኑ ከገባ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ቢሸጋገር፣ መብራት በሚጠፋበትና ኢንተርኔት በማይገኝበት ቀንም ትምህርቱ አይቋረጥም። በትምህርት ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ቢሆንም ቡድኖች በተራ ረድፋቸውን እያስገቡ አንድ የጋራ መስመር ሊሠሩ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ድርጊት በሁለቱም አቈጣጠር ይመዝገብ፤ ማስረጃው ከየት እንደተገኘ፣ መጽሐፍ ይሁን የሽማግሌ ቃል፣ በግልጥ ይጻፍ፤ ያልተረጋገጠው «ገደማ» ተብሎ ይለይ።

ሦስተኛ፣ የሀገር አቀፉ ታሪክ ከአካባቢው ታሪክ ጋር ጎን ለጎን በሁለት ረድፍ ይሰለፍ። ማብራሪያውም ተማሪዎቹ በሚናገሯቸው ቋንቋዎች፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ይቅረብ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ጥቂት ድርጊቶች ቢጨምርና ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ቢተላለፍ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአካባቢው ታሪክ መዝገብ ይሆናል።

አራተኛ፣ መሣሪያ ሲገዛና ፕሮግራም ሲመረጥ ለማያዩ ተማሪዎች መሥራት አለመሥራቱ በመጨረሻ የሚጠየቅ ሳይሆን አስቀድሞ የሚፈተን መመዘኛ ይሁን።

አምስተኛ፣ የመምህራን ሥልጠና የመሣሪያውን አሠራር ብቻ ሳይሆን የዘመን አቈጣጠርን ስሌትና አከራካሪ ታሪክን በክፍል ውስጥ የማቅረብን ዘዴ ይጨምር። መሣሪያውን መልመድ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ፣ ቤተሰቦቻቸው የተለያየ ትናንት ያላቸው ልጆች በአንድ መስመር ላይ አብረው እንዲሠሩ ማድረግ ግን ረጅም ዝግጅት ይጠይቃል። የዕቅድ አውጪዎች በጀት በዚህ ሚዛን ቢከፋፈል፣ ፕላዝማው ያስከተለው ጕድለት ዳግም አይደርስም።